የወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ በሬ

ድሃ ማለት፣ በዘጠና ሁለቱ ድርቅ በሰቆጣ ዙሪያ በጸናው ትርጉም መሠረት፣ በሬ የሌለው ሰው ነው። ትርጉሙን ያወጡት የእርዳታ ስንዴ ለማን እንደሚሰጥ የሚወስኑት ኮሚቴዎች ናቸው። ስለ ረሃብ የተባለ ነገር የለም።

ትእዛዙ አንድ በሬ ነበረው። ምዝገባው ሲቃረብ ለገበያ የሚነዳው አስመስሎ ወደ ፃግብጂ ወሰደውና ከአክስቱ ከወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ግቢ አሰረው። ባልም ልጅም የሌላቸው ባልቴት ናቸው።

«የኔ መሆኑን ለሰው እንዳይተነፍሱብኝ» አላቸው።

«ለማን ብዬ፣ ልጄ?»

ትእዛዙ ድሃ ተባለ። ስንዴውን ወሰደ፤ አብሮ የተሰጠውን ዘይት ሰቆጣ ከሰላሕ ሱቅ ሸጦ ጫማ ገዛ። በሬውንም ዝናብ እስኪጥል እዚያው ሊተወው ወሰነ፤ መኖ ይተርፈዋል። ለአክስቱ አልሰጋም። እሳቸው ማንም ሳይጠይቅ የሚያምናቸው ድሃ ናቸው።

አንድ የገበያ ቀን ምትኩ የሚባል የፃግብጂ ሰው አገኘው። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ በስብሰባ ላይ «በሬው የኔ ነው» ማለታቸውን፣ ደግሞም የቤታቸውን ክዳን ሣር ማውረዳቸውን እንደ ዋዛ አጫወተው።

ትእዛዙ ነገሩን ለመገጣጠም ጊዜ አልፈጀበትም። ሣር የሚያወርድ ሰው ቆርቆሮ ሊያለብስ ነው፤ ቆርቆሮ ደግሞ በሬ ሳይሸጥ አይገዛም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አንቱታውን አነሳባቸው።

ሽማግሌ እንዲሆኑት አቶ ገብረ ሊባኖስን ይዞ ተነሳ። መንገድ ላይ ሽማግሌው «የእናትህ እህት ናት፣ ቀስ ብለህ ጠይቃት» እያሉ መከሩት።

«እሷ በሕዝብ ፊት ስትክደኝ ቀስ ብላለች?» አላቸው።

አቀበቱን ሲጨርሱ በሬው ግቢው ውስጥ ቆሞ ያመሰኳል። ቆዳው ያብለጨልጫል፤ ከመጣበት ቀን ይልቅ ወፍሯል። ጎጆዋ ላይ ግን የቀረው እንጨቱ ብቻ ነው። ትእዛዙ በአዲሱ ጫማው በሩን ረገጠው።

«ውጪ እንጂ፣ ባለበሬዋ! ቆርቆሮው መቼ ነው የሚመጣው?»

ሁለተኛም ረገጠው። ጫጫታውን የሰማች ማሬ የምትባል ጎረቤት መጥታ፣ ስድቡን እስኪጨርስ ቆማ ጠበቀችና ነገረችው።

ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ባለበሬ ናቸው ተብለው ከስንዴው ተሰርዘው፣ የክዳናቸውን ሣር ለበሬው አብልተው፣ ቅዳሜ ተቀብረዋል።