የአስካለ ፎቶዎች

ወይንሸት የባሏን የዳምጠውን የድሮ የፎቶ ፊልሞች ዲጂታል አስደርጋ፣ ፎቶዎቹን ክላውድ ላይ በየዓመታቸው ስትከፋፍል አንዲት ሴት በሃያ ሦስት ፎቶዎች ላይ አገኘች።

«ይህቺ ማናት?»

«አስካለ። አንቺን ሳላውቅ በፊት እጮኛዬ ነበረች» አለና ፎቶውን እያየ ፈገግ አለ።

ያ ፈገግታ ሳምንቱን ሙሉ አንገበገባት። በዚያ ዘመን ክላውድ ላይ የገባ ፎቶ ከባለቤቱ ትዝታ ጋር ይታሰር ነበር። ፎቶው ከተሰረዘ በላዩ ላይ ያለው ሰው ከነጭራሹ ይረሳል፤ የተሰረዘም አይመለስም። ወይንሸት ይህን እያወቀች፣ ዓርብ ዳምጠው ሥራ ላይ ሳለ ሃያ ሦስቱንም ሰረዘቻቸው። ሲመለስ የአስካለን ስም አነሳችበት።

«ማን ናት ደግሞ?» አላት።

ደስ አላት።

እሁድ ጠዋት ልጃቸው ማህቶት ማበጠሪያ ይዛ አባቷ ጉልበት ሥር ተቀመጠች። ሹሩባ የሚሠራላት እሱ ነው። ዳምጠው ጸጉሯን ከፈለና ጣቶቹ ቆሙ።

«አባዬ፣ ምነው?»

«እኔ እኮ ሹሩባ አልችልም» አለ ግራ ገብቶት።

«ሁልጊዜ ትሠራኝ የለ እንዴ!»

ወይንሸት ክው አለች። ማን እንዳስተማረው አንድ ቀን እንኳ ጠይቃው አታውቅም፤ አሁን ግን አስካለ መሆኗ፣ ያስተማረችውም አብሯት እንደተረሳ ገባት። ማበጠሪያውን ተቀብላ ሞከረች፤ እሷም አትችልም። እንባዋ መጣ።

«ያስተማረችህ ሴት ነበረች» አለችው። «ፎቶዎቿን ሰርዤ ያስረሳሁህ እኔ ነኝ። ቀንቼ ነው።»

ዳምጠው ለማስታወስ ሞከረ፤ ምንም አልመጣለትም።

«እኔ የማላውቃት ሴት» አለ እንባዋን እየጠረገላት፣ «አንቺን ምን ያስለቅስሻል?»