ሦስተኛው ምስጋና

ከመካነ ሰላም የመጣው የወረዳ ሰው በጠራራ ፀሐይ ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ በላስቲክ የታሸገውን የምስጋና ወረቀት በሁለት እጁ ዘረጋ። ወይዘሮ አስቻለች ከምድጃው ሳይነሡ በአንድ እጃቸው ተቀበሉት። ልጃቸው ሶማሊያ ከዘመተ ወዲህ ይህ ሦስተኛው ነበር። ያዘመተው መሪ «የጀግና እናት» ብሎ ላከላቸው፤ ያ ወረቀት የጠላ ገንቦ መክደኛ ሆነ። የተካው መሪ ጦሩን ሲያስወጣ «ግዳጁ በድል ተጠናቋል» ብሎ ጻፈ፤ ልጃቸው ግን ከተመለሱት ጋር አልነበረም። በዚያኛው ወረቀት እሳት ሲያራግቡበት ጫፉ አልቋል። አሁን አዲሱ መሪ ጦሩን መልሶ ልኮ ነበር።

«መርዶ ነው?» አሉት።

«ኧረ አይደለም እናቴ፣ የክቡርነታቸው ምስጋና ነው።»

«ልጄስ?»

«እሱን የሚያውቀው ሌላ ክፍል ነው» አለና ስልኩን አወጣ። «ወረቀቱን ከፍ አድርገው ይያዙልኝ፣ ፎቶ ላንሣዎት።»

ወይዘሮ አስቻለች ወረቀቱን አገላብጠው ውፍረቱን በጣታቸው ለኩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው እሳቱን ያራግቡበት ጀመር። ጭሱ ወደ ሰውየው ሄደ።

«ሦስት መሪ ጻፈልኝ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ሽማግሌ አስከትሎ በማለዳ ደጄን ያንኳኳ ግን አንድም የለም።»