ተቆጣጣሪ የሚጠበቅበት ሳምንት

የሃርልደን ክሊኒክ በር ሲከፈት መጀመሪያ የሚቀበልህ የሽንት ሽታ ነው። እሱን ለመሸፈን የሎሚ ሽቶ ይረጩበታል፤ ስለዚህ ሎሚ ላይ የተሸና ይመስላል።

ሰኞ ጠዋት አንዲት ግራጫ ካፖርት የለበሰች ሴት ገባች። አንገቷ ላይ መታወቂያ ተንጠልጥሏል፣ ብብቷ ሥር ማኅደር ይዛለች። እጆቿ ቀልተው ተሰነጣጥቀዋል። ተራ አልያዘችም።

ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠችው እንግዳ ተቀባይ ሊኔት፣ ተቆጣጣሪ በዚህ ሳምንት እንደሚመጣ የሚገልጽ ደብዳቤ ደርሷታል። መታወቂያውን አየች፣ ማኅደሩን አየች፣ አፏ ውስጥ የነበረውን ብስኩት ሳታኝክ ዋጠች። በእንግሊዝ አገር አንገቱ ላይ ካርድ ያንጠለጠለ ሰው ሥራ ላይ ነው፤ ማን ነህ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው።

“እንኳን ደህና መጡ። ሻይ ላምጣልዎት?”

“ማየት ብቻ ነው የምፈልገው” አለች ሴትዮዋ።

ተቀመጠች። ወንበሩ ከቀሚሷ ጋር ተጣበቀ። ግድግዳው ላይ የሕፃን ትውከት ደርቆ የካርታ ቅርጽ ይዟል። ጻፈች። ሽንት ቤቱን ከፈተች፣ ቶሎ ዘጋችው፣ ረዘም አድርጋ ጻፈች። ከመስኮቱ አጠገብ ያለውን ማቀዝቀዣ ከፈተች። የሽንት ብልቃጦች ተደርድረዋል፣ መሃላቸው ሳንድዊች ተኝቷል።

“የማን ነው?”

“የ... የኔ ነው።”

“ይስማማሽ።”

ይኼኔ አንድ ሽማግሌ ገባ። ክላይቭ ሆልሮይድ ይባላል። ፊቱ አመድ መስሏል፣ ሱሪው በቀበቶ ባይያዝ ይወልቃል። ሊኔት ልማዷ ቀደማት።

“ዛሬም መጣህ? በሁለት ሰዓት ደውል አላልኩህም?”

“ደወልኩ እኮ፣ የኔ ልጅ። ስልኩ በወረፋው ሃያ ሰባተኛ ነህ አለኝ። ተራዬ ሲደርስ ቀጠሮው አልቋል።”

“ታዲያ ነገም ደውላ! ለመሆኑ ሰገራህ ላይ ያለው ደም አልቆመም?”

ተራ የሚጠብቀው አሥራ አምስት ሰው ሰማ። አሥራ አምስቱም ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። የሽማግሌው ጆሮ ቀላ።

“ግድ የለም፣ ከኔ የባሰም አለ” አለና ዞረ።

“ስንተኛ ጊዜው ነው?” አለች ሴትዮዋ ከኋላ።

ሊኔት ደነገጠች። “እ... ሁለተኛ መሰለኝ።”

“አምስተኛ ነው። አሥራ ሁለት ኪሎ ቀንሷል፣ ሌሊት እንቅልፍ የለውም።” ማኅደሩን አልገለጠችም። “ሥራችሁን በዚህ ሰው ላይ ነው የማየው። አሁን። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ።”

“ይግቡ አባባ፣ ይግቡ!” አለች ሊኔት፤ አንተ ማለቷን ረስታው።

ዶክተር ፔምበርተን ከጢሙ ላይ እንቁላል እየጠረገ ብቅ አለ። በሽተኛውን አልፎ ለሴትዮዋ እጁን ዘረጋ።

“ክሊኒካችን እንደሚያዩት—”

“በሽተኛው እሱ ነው። መጀመሪያ እጅዎን ይታጠቡ።”

ታጠበ።

“ጥፍርዎንም።”

ደግሞ ታጠበ። ከዚያ የሽማግሌውን ሆድ ዳሰሰ። በቀኝ በኩል ሲደርስ ጣቶቹ ቆሙ፤ ፊቱም ለመጀመሪያ ጊዜ የሐኪም ፊት መሰለ።

“ይሄ ሰው ከሁለት ወር በፊት መምጣት ነበረበት።”

“መጥቷል” አለች ሴትዮዋ።

ዶክተሩ ስልኩን አነሳ። ሌላው ሰው ወራት የሚጠብቀው የአንጀት ምርመራ ለሐሙስ ጠዋት ተያዘ። ሴትዮዋ የቀጠሮው ደብዳቤ በእጁ ይሰጠው አለች፤ ተሰጠው። ሽማግሌው አመስግኖ ቀስ እያለ ወጣ።

ሴትዮዋም ልትወጣ ስትል ሊኔት በሩ ድረስ ተከተለቻት። “እመቤቴ፣ ሪፖርቱ በጣም ይከፋብናል?”

“ሳንድዊችሽን ከዚያ አውጪው” አለችና ሄደች።

ከሁለት መንገድ በኋላ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ፣ ሽማግሌው አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ነበር። ሴትዮዋ አጠገቡ ሄዳ የኮቱን ቁልፍ እስከ አንገቱ ቆለፈችለት።

“ሞሪን፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት አንድ አልጋ ላይ ስንተኛ እንዲህ መዋሸት እንደምትችይ አላውቅም ነበር።”

“ማንን ዋሸሁ? ማን ነሽ ያለኝ የለ! ይልቅ ተነስ፣ አውቶቡሱ መጣ፤ የተማሪ ቤቱን ሳህን እኔ ካላጠብኩት የሚያጥበው የለም።”