በጽሑፍ ይሰጠኝ

ተሻለ ጣቱን ከኢንተር ቁልፉ ላይ አነሳ።

«ይጫኑት እንጂ ጋሽ ተሻለ!» አለች ሀሴት። «ኤስዲቢ የተባለው አዲሱ ዲስክ ነው፤ ባዶ ነው። ፎርማት አድርገን ካልጠረግነው ሰርቨሩ ምንም አያስቀምጥበትም።»

«ባዶ ከሆነ አንቺ ለምን አትጫኚውም?»

«የሚሠለጥኑት እርስዎ ነዎታ! ከሰኞ ጀምሮ ሰርቨሩን የሚይዙት እርስዎ ነዎት፤ እኔ ወደ ዩኒቨርሲቲዬ ልመለስ።»

እሷማ ትመለሳለች። ዲላ፣ የቡና ማኅበሩ ቢሮ የሚቀረው እሱ ነው። የሬኮና የወርቃ ቀበሌ ቡና ገበሬዎች ማኅደር በሙሉ አሮጌው ዲስክ ላይ ነው፤ ወረቀቱ ባለፈው ክረምት በስብሶ ተጥሏል፣ ሌላ ቅጂ የለም። አንድ ነገር ቢጠፋ «ማን ነካው?» ይባላል። መልሱም ዝግጁ ነው፤ ስምንተኛ ክፍልን ያልጨረሰው ተሻለ! የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ታረቀኝም «አሮጌውን ፋይል አስወግደው» ብሎ በቃል አዝዞት ሲያበቃ፣ ስብሰባ ላይ ዓይኑን በጨው አጥቦ ካደ። ተሻለ በቅጣት ስድስት ዓመት መጋዘን ውስጥ ጆንያ ሲጠብቅ ከረመ።

ከመሳቢያው ባዶ ወረቀት አውጥቶ ወደ ሀሴት ገፋው።

«በጽሑፍ ይሰጠኝ።»

«ምኑ?»

«ትእዛዙ። የትኛው ዲስክ እንደሚጠፋ፣ መጠኑ፣ ከሥሩ ፊርማሽ።»

«ለአንድ መስመር? ማኅተምም ላስመታበት?»

«ማኅተሙ ይቅር። ቀኑን ግን እንዳትረሺ።»

እየሳቀች «ኤስዲቢ ይጥፋ» ብላ ጻፈች፤ ፈረመችም። መጠኑን ልትሞላ የዲስኮቹን ዝርዝር ከፈተች። ሳቋ ተቋረጠ። ዝርዝሩን ደግማ አወጣችው።

«ጠዋት መብራት ሄዶ ነበር አይደል?»

«ሄዷል።»

«ሰርቨሩ ተመልሶ ሲነሳ የዲስኮቹን ስም አቀያይሮታል። ትናንት ኤስዲቢ ባዶው ነበር። ዛሬ... ገበሬዎቹ ናቸው።»

ስክሪኑ ላይ ያለውን የፎርማት ትእዛዝ ፊደል በፊደል አጠፋችው። ከዚያ እጇን ዘረጋች።

«ወረቀቱን ይስጡኝ ጋሽዬ፤ ላስተካክለው።»

ተሻለ ወረቀቱን ለአራት አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና የኪሱን አዝራር ቆለፈ።

«ሌላ ወረቀት አለ።»

«ለሥራ አስኪያጁ ሊያሳዩት ነው?»

«እኔ ምን አልኩ?»

ሀሴት አዲሱን ወረቀት ሳበች። አሁን መጠኑን ሁለት ጊዜ አይታ ጻፈች፤ በየቃሉ መሐል ግን ቀና እያለች ኪሱን ታያለች። ያንን አስተያየት ተሻለ አሳምሮ ያውቀዋል። በየማለዳው ጢሙን ሲላጭ ከመስታወቱ ውስጥ የሚያየው ነው።