ሰው የጋለበ ፈረስ

«ፈረሱ ሰውዬውን ጋለበው!» አለ አንድ ድምፅ ከታች፤ አዳራሹ በሣቅ ተናጋ።

ወልደኢየሱስ በማሽኑ ክፍል ትንሽ መስኮት አንገቱን አስግጎ ተመለከተ። እውነትም የፈረሱ እግር ከሲኒማው ሸራ አናት ላይ ይጋልባል። ባለባርኔጣው ፈረሰኛ ደግሞ ከታች፣ ከኮቴው ሥር ሆኖ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሽጉጡን ይተኩሳል። በመካከላቸው ወፍራም ጥቁር መስመር ተጋድሟል። ወልደኢየሱስ አማተበ።

ጣሊያን ፒያሳ ላይ ጥሎት የሄደው ሲኒማ ቤት ማሽን በእጁ ሲገባ ይህ የመጀመሪያው ነው። እስካሁን ሲያሠራው የኖረው ግሪኩ ሙሴ ያኒ የዛሬውን ፊልም ማሽኑ ላይ ጠምጥሞ ትናንት ሻንጣውን ይዞ ወደ አሥመራ ሄዷል። የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ታየችም ነገሩን አላስረዘሙትም። «ዛሬ እሑድ ሰዉን ደስ ካሰኘኸው ሥራው ያንተ ነው። ካልሆነልህ ግን ሌላ ሰው አስመጣለሁ፤ አንተም ወደ ሳንጃ ሰሊጥህ!» ብለውታል። ሳንጃ ቆላ ወርዶ ሁለት ዓመት ሰሊጥ አጭዷል። ከወባው የተረፈው በእግዜር ቸርነት ነው፤ ሦስተኛ ዓመት ቢወርድ እንደማይተርፍ ያውቀዋል።

አላጠናም እንዳይባል ደግሞ አጥንቷል። እንዴታ! ሙሴ ከማሽኑ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ እያየ የነገረውን ሠላሳ ሁለት ቃል፣ ስሙን በቀይ ቀለም ፍቺውን በጥቁር ደብተሩ ላይ ጽፎ፣ እንደ ዳዊት በቃሉ ይዞታል። ሌንስ፦ ብርሃን የሚያልፍበት መስታወት። ፍሬም፦ በፊልሙ ላይ ካሉት ሥዕሎች አንዷ። ፎከስ፦ ሥዕልን ማጥራት። ፍሬሚንግ፦ ሥዕልን በልኩ ማስቀመጥ። ማሽኑን መንካት ግን ሙሴ አልፈቀደለትም፤ እሱንም አልከፋው። ባደገበት የቆሎ ትምህርት ቤት መጀመሪያ ንባብ ነው፣ ትርጓሜው ከዓመታት በኋላ ይደረስበታል። ማን ያስቸኩለዋል? ፊልም ዓመት እንደማይጠብቅ ያወቀው አሁን ነው።

«ፍሬሚንግ፦ ሥዕልን በልኩ ማስቀመጥ» አለ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በዜማ። ሲገልጥ ከፊቱ አራት ማዞሪያ አለ፤ አንዱም ላይ ስም አልተጻፈም። ፍሬሚንግ የቱ ነው? በስመ አብ ብሎ ለእጁ የቀረበውን አዞረ።

ፈረሱም ፈረሰኛውም ደብዝዘው በሶ ሆኑ።

«ምነው፣ ደባርቅ ገባን እንዴ? ጉም በጉም አደረግኸን እኮ!» አለ አንዱ። ፉጨቱ ቀለጠ። ከደረጃው ሥር ደግሞ የወይዘሮ ታየች ድምፅ መጣ። «ወልዴ! ይኸ የፊልም ጥቅል ሳያልቅ ካልተስተካከለ መብራቱን አብራና ሰዉን አሰናብት። የነገርኩህን አትርሳ!»

መች ረሳ፤ ግራ ገባው እንጂ። ሌንስ ብሎ ይጀምርና ፍቺው የሌላ ይሆንበታል። ፎከስ ይልና ያላሰበው የዳዊት መዝሙር አፉ ላይ ይመጣል። ሠላሳ ሁለቱም ስሞች ጭንቅላቱ ውስጥ ይተራመሳሉ፤ እጁን ወደ ማዞሪያዎቹ ይሰድና ሳይነካቸው ይመልሰዋል። ፈራ፤ እንደ ልጅ ማልቀስ አማረው።

«አንዲት ነገር ልናገር?» አለች እንኳየሁ ከበሩ አጠገብ። እንኳየሁ ይህን ክፍል መጥረግ ከጀመረች ስድስት ዓመቷ ነው። ጠዋት ቃሉን ሲከልስ «አንቺ፣ መጥረጊያሽን ይዘሽ ውጪልኝ፤ ስሞቹ ይጠፉብኛል» ብሎ አስወጥቷት ነበር።

«ፍሬሚንግ የትኛው እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«ስሙን እኔ ምን አውቄ! አትንኪ ተብዬ ነክቸውም አላውቅ። ዓይኔን ግን የከለከለው የለም። ይኸ አሁን ያዞርኸው የሚያደፈርሰውም የሚያጠራውም ነው፤ በስሱ መልሰው። ራስ ከታች ሲውል ደግሞ ሙሴ ያን ከሥር ያለውን ነበር የሚያዞር።»

«አንቺ አዙሪው፤ የኔ እጅ እምቢ ብሎኛል።»

መዳፏን በቀሚሷ ጠራርጋ ተጠጋች። የመጀመሪያውን እንደ ጥጥ ፈታይ በሁለት ጣቷ ነካ አደረገችው፤ ጉሙ ተገፈፈ። ከሥር ያለውን አዞረች፤ ጥቁሩ መስመር ወጥቶ ሄደ፣ ፈረሱ መሬት ወረደ፣ ሰውዬውም ኮርቻው ላይ ወጣ።

«ሸጋ! ወልዴ፣ እጅህ ይባረክ!» አለ አዳራሹ።

«ፎከስ» አለ ወልደኢየሱስ የመጀመሪያውን ማዞሪያ በጣቱ ነክቶ። «ፍሬሚንግ» አለ ሁለተኛውን። ሠላሳው ገና ነው።

ወይዘሮ ታየች ደረጃውን እያለከለኩ ወጥተው በሩ ላይ ቆሙ። «እኔስ መቼ ጠፋኝ! ዳዊት የደገመ ይኸ ያቅተዋል? በል፣ ሥራው ያንተ ነው።» እንኳየሁ ቀድማ መጥረጊያዋን አንስታ አጎንብሳለች።

ዝም ቢል ነገሩ አልቆ ነበር። ደስም አለው፤ ግን አፈረ። መጥረጊያውን ከእጇ ተቀብሎ ግድግዳው ላይ አስደገፈው። በክፍሉ ያለችውን አንዲት በርጩማ ስቦ ማሽኑ አጠገብ አኖራትና እሱ ወለሉ ላይ እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠ፤ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ።

«ምን መሆንህ ነው?» አሉ ወይዘሮ ታየች።

«ያስተካከሉት እሳቸው ናቸው» አለና ፊቱን ወደ እንኳየሁ አዞረ። «የኔታ፣ ይቀጥሉልኝ። ሦስተኛው ምን ያደርጋል?»

እንኳየሁ እመቤቷን አየች፤ በርጩማዋን አየች። ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ ተቀመጠች።