የላሚቱ ገመድ

የሰፈሩን የወል ግጦሽ የሚያካፍሉት ሽማግሌዎች ሜትር ስላልነበራቸው፣ መሬቱን የለኩት በወይዘሮ ኤርጎጌ የላም ገመድ ነበር። ሳያስፈቅድ ያመጣላቸው የወይዘሮዋ ልጅ ዳታሞ ነው፤ ከእንሰት ቃጫ የገመዱት ግን እሳቸው ናቸው። ወይዘሮ ኤርጎጌ ላሚቱን ያለ ገመድ እየነዱ ሲደርሱ፣ መስኩ ለአራት ባለ ዕጣዎች ተከፍሎ መሃሉ ላይ ችካል ተመትቷል፤ የባህር ዛፍ ችግኝም ጥግ ይዞ ተደርድሯል።

«አትቆጪ እማዬ» አለ ዳታሞ። «የአባታችን መሬት ለአምስት ወንድማማች አይበቃም። ባህር ዛፍ ደግሞ ሆሳዕና ከተማ ለግንባታ ይፈለጋል።»

«የታችኛው ሰፈር ምንጭም እንዲሁ ተብሎ ነው የደረቀው! ደግሞስ እኔ ስሞት የት ተቀምጣችሁ ልታለቅሱ ነው? አባትህን የሸኘነው እዚሁ ሣር ላይ አይደለም ወይ?»

ወይዘሮ ኤርጎጌ ገመዱን ከዳታሞ እጅ መንጭቀው አንዱን ጫፍ ከችካሉ፣ ሌላውን ከላሚቱ አንገት አሰሩት።

«እማዬ፣ የሰው ድርሻ ትበላለች እኮ!»

«ትብላ!»

ላሚቱም ችካሉን እየዞረች የአራቱንም ድርሻ ትግጥ ጀመር። ከባለ ዕጣዎቹ አንዱ፣ ጎረቤታቸው ላምቤቦ፣ የያዘውን ችግኝ ጥሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ወይዘሮ ኤርጎጌ የተቆጣ መሰላቸው። ዱላም ይዞ ቢመጣ ይምጣ ብለው፣ ወገባቸውን ይዘው ከችካሉ አጠገብ ቆሙ። ሲመለስ ግን የራሱን ላም እየነዳ ነበር።

«እትዬ» አላቸው፣ «ትርፍ ገመድ ይኖርዎታል?»