የቶርካቶ ምስማር

«ይሄንን አልዘፍንም!» አለ ቤልፎንቴ፤ የሁለተኛውን ገቢር ወረቀት ፒያኖ መሰሉ ቼምባሎ ላይ ወረወረው። «በእናቲቱ ዘፈን ፈንታ ከራሴ ሻንጣ ሌላ አወጣለሁ።»

የኦፔራው ደራሲ ቬናንሲዮ እጁን ከቼምባሎው ቁልፎች ላይ አላነሳም። ያችን ሻንጣ ያውቃታል። ከናፖሊ እስከ ሊዝቦን የሚዞር ዘፋኝ ሁሉ አንድ ጊዜ ያስጨበጨበለትን ዘፈን ይዞ ይመጣል፤ የደራሲው አልጥም ሲለው ያንን ይሰነቅራል። የቤልፎንቴ ዘፈን ማዕበል ስለሚያላጋት መርከብ ነው። በቬናንሲዮ ኦፔራ ውስጥ ደግሞ መርከብ ቀርቶ ጀልባ የለም፤ ያለችው ልጇ የሞተባት እናት ናት። እሷንም የሚጫወታት ቤልፎንቴ ነው፤ ሴት መድረክ እንዳትወጣ በተከለከለበት ከተማ፣ ትከሻው በር የሚሞላ፣ ድምፁ ቀጭን እንደሆነ እንዲቀር በልጅነቱ የተሰለበ ዘፋኝ።

የቲያትር ቤቱ ኃላፊ ሴኞር ፋልካው ላቡን ጠረገ። «ቬናንሲዮ ልጄ፣ ነገ እኮ ነው የሚከፈተው። ሰዉ የሚመጣው ለሱ ነው እንጂ ላንተ መሰለህ?»

ውሸቱን አይደለም። ነቢይ በአገሩ አይከበርም፤ ሊዝቦን ደግሞ ኦፔራ ከጣሊያን ካልመጣ ኦፔራ አይመስላትም። ቬናንሲዮ የዚሁ ሰፈር ባርኔጣ ሰፊ ልጅ ነው። በስሙ ሥራ ሲያሳይ የመጀመሪያው ነው፤ የእናቲቱ ዘፈን ከኦፔራው ከተነሳ የሚቀረው ልብስና ሻማ ብቻ ነው። ተናደደ እንጂ አልፈራም። የሠራውን ያውቃል።

«የራስዎን ይዝፈኑ፣ እኔ አጅባለሁ» አለ። «ከዚያ የኔን አንዴ ብቻ ያንብቡልኝ። መራጩ እርስዎ ነዎት።»

«እኔው ዳኛ?» ቤልፎንቴ ሳቀ። «አይ የዋህ!»

ከመድረኩ ጥግ አናጺው ቶርካቶ ለትዕይንቱ የሚሆን ደረጃ እየመታ ነበር። ፋልካው ሊያስቆመው ሲነሳ ቬናንሲዮ «ይተዉት፣ ይምታ» አለ።

ቤልፎንቴ መርከቧን ዘፈነ። እውነቱን ለመናገር ድንቅ ነበር። ድምፁ ጣሪያ ነክቶ ተርገበገበ፤ ቫዮሊን ተጫዋቾቹ በደጋናቸው የወረቀት ማስቀመጫውን እየመቱ አደነቁት። ቶርካቶም መታ፤ ምስማሩን። ቋ፣ ቋ፣ ቋ፣ አንዴም ሳያዛንፍ።

ቀጥሎ ቤልፎንቴ የቬናንሲዮን ወረቀት አንስቶ በግማሽ ድምፅ፣ እየተሰላቸ ጀመረ። ዘፈኑ ጌጥ የለውም። እናቲቱ የልጇን ሸሚዝ አጥባ ታሰጣለች፤ ለማን እንደምታሰጣው ትዝ ሲላት ዜማው ይቋረጣል። ሌላ ደራሲ ቢሆን ያችን ቦታ በቫዮሊን ይሞላት ነበር። ቬናንሲዮ ባዶዋን ትቷታል።

ቤልፎንቴ እዚያች ቦታ ሲደርስ ዝም አለ። የመዶሻው ድምፅ የለም።

ዞሮ አየ። ቶርካቶ መዶሻውን ሽቅብ እንዳነሳ ቀርቷል።

«አንተ! ምን ሆነህ አቆምክ?»

አናጺው ደንግጦ ቆቡን አወለቀ። «ይቅርታ ጌታዬ፣ ምስማር አልቆብኝ ነው።»

ቤልፎንቴ ሰውየውን ከላይ እስከ ታች አየው። የሽርጡ ኪስ በምስማር ክብደት ጉልበቱ ድረስ ወርዷል።

ሻንጣውን በእግሩ ወደ ግድግዳው ገፋ አደረገ።

«ከመጀመሪያው እንሂድ» አለው ቬናንሲዮን፤ አሁን ድምፁ ሙሉ ነበር። ወደ አናጺውም ዞረ። «አንተ ደግሞ፣ እኔ እስክጨርስ ድረስ ምስማር እንዳታገኝ።»